ከገሎቹ ሥር የቆረጥኩት መስመር

ነገሩ የደረሰበትን ዓመት በትክክል አላስታውስም። ከዓለም ዋንጫው በፊት ይሁን በኋላ፣ እሱንም አስረግጬ መናገር አልችልም። ወሩ ሐምሌ እንደነበረ ግን አውቃለሁ። የጆሃንስበርግ ሐምሌ ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ብርድ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሙጫው በጣሳው ውስጥ እንደ ሞራ ይረጋል።

ሥራ ካቆምኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። የምኖረው ኮዝሞ ሲቲ፣ ከወንድሜ ልጅ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ጠዋት ፀሐይ እሞቃለሁ፣ ከሰዓት ዳቦና ለስላሳ ሲራገፍ ቆሜ አያለሁ። የወንድሜ ልጅ አንድ ቀን ደብተር አመጣልኝና «አጎቴ፣ ዝም ብለህ መንገደኛ ከምታይ ስለ ሥራህ ጻፍ» አለኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንቀራፈፍ አትፍረዱብኝ፤ እኔም ስሄድ እንዲሁ ነኝ።

ሥራዬ መጽሐፍ መጠረዝ ነበር። ከሁሉ ይልቅ በእጄ ያለፈው ግን አንድ መጽሔት ነው። ስለ እስያ አገሮች የጥንት ጥበብና ከመሬት ተቆፍሮ ስለሚወጣ ቅርስ ምሁራን የሚጽፉበት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወጣ መጽሔት። «አፍሪካ ውስጥ የእስያ መጽሔት ምን ይሠራል?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ።

የጠራዥነቱን ሀሁ የቆጠርኩት አዲስ አበባ ነው። ከሆሳዕና ወጥቼ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀት አጣፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። የመቁረጫ ክፍሉ አለቃ ጥብቅ ሰው ነበር። ማተሚያ ማሽን ቀለሙ የሚፈተንበትን፣ ጥቁርና ነጭ ሳጥን ሳጥን ያለው መስመር በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይተዋል። የጠራዥ የመጀመሪያ ሥራ ያንን ቆርጦ መጣል ነው። አለቃችን በአንድ መጽሐፍ ላይ የመስመሩን ርዝራዥ ካየ መጽሐፉን አንጠልጥሎ በየክፍሉ ይዞራል። «ይሄ የማን ልጅ ነው? ንፍጡን ሳይጠርግ ከቤት የላከው ማነው?» ይላል። ሰዉ ሁሉ ይስቃል። እንዲህ ተደርጎ የተማረ እጅ የተማረውን አይረሳም።

ደቡብ አፍሪካ ስገባ እንደ አገሬ ልጆች ሁሉ መጀመሪያ ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሜ በየሎኬሽኑ፣ በየጥቁሮቹ ሰፈር፣ በር እያንኳኳሁ ሸጥኩ። ለዚያ አልተፈጠርኩም። ሰው «ነገ ና» ሲለኝ ነገ መሄድ አፍራለሁ። ከዚያ ጀፕ በሚባለው ሰፈር አንድ ጅምላ ሱቅ ካርቶን ተሸካሚ ሆንኩ፤ ወገቤ እምቢ አለ። የማድረው ትሮይቪል ነበርና ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ በአንድ መስኮት በኩል መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ያወረዱ አንድ ሽማግሌ ወረቀት ሲያጥፉ አያለሁ። ሦስት ቀን ቆሜ አየኋቸው። በሦስተኛው ቀን በሩን ከፈቱና «ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ። እንግሊዝኛዬ ያኔ ገና ዳዴ የሚል ነበር።

«ሳውቦና» አልኳቸው፤ በዙሉ ሰላምታ ነው።

«እኔም ዙሉ አይደለሁ፣ አንተም አይደለህ» አሉና ሳቁ። «ብርድ ነው፣ ግባ።»

አንድ ትልቅ ወረቀት ሰጡኝ። አንዴ አጠፍኩት፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ዐሥራ ስድስት ገጽ ሆነ። እጥፋቱን በጥፍሬ ጠረግኩና መለስኩላቸው። አገላብጠው አዩት። ከዚያ ከበሬ አጥንት የተሠራ ማጠፊያ አውጥተው አስያዙኝና «ጥፍር ወረቀቱን ያብለጨልጨዋል። እንደገና እንየው» አሉ። የተቀጠርኩት እንዲህ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ግን ዓርብን አያልፍም። የስደተኛ ወረቀቴን ለማሳደስ ስሰለፍም የሥራ ደብዳቤ ይጽፉልኛል። ስለዚህ ጉዳይ ይህ ይበቃል።

አንክል ሲቫ ነው የምንላቸው። አያቶቻቸው ከሕንድ ወደ ናታል ሸንኮራ እርሻ የመጡ ናቸው። እሳቸው ሕንድን አይተዋት አያውቁም። «አገሬን የማውቃት እየጠረዝኳት ነው» ይላሉ።

ልማዳቸውን ልንገራችሁ። ወረቀት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባሉ፣ የሚያደርቁት በአሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ፎጣ ብናኝ ይተዋል ይላሉ። አዲስ ወረቀት ሲመጣ ጥጉን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ያወዛውዙታል። ወረቀት እንደ እንጨት ጭረት አለው፤ በጭረቱ ካጠፉት ዝም ይላል፣ ከጭረቱ በተቃራኒ ካጠፉት ይንጫጫል። እኔ ያንን ድምፅ ለመለየት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። የተጠረዘ መጽሐፍ ከብረት ክብደት ሥር ሳያድር ከቤት አይወጣም። «ያልተኛ መጽሐፍ ነገ ይነጫነጫል» ይላሉ። ሰው ሲሳሳት ደግሞ «ተሳስተሃል» አይሉም። «እንደገና እንየው» ነው የሚሉት። መጀመሪያ ላይ ትሕትና መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳየው በእርግጥም አብረው እንደገና ያያሉ።

በቤቱ ያለነው ሦስት ነን። ሦስተኛዋ ሰፊዋ ናት። ሁላችንም ሲስ ነው የምንላት፤ በሎኬሽኑ ቋንቋ እህት እንደማለት። ከሶዌቶ በታክሲ ትመጣለች፣ በመርፌዋ ሰም የተቀባ ክር አስገብታ ትቀመጣለች፣ አፏም እንደ መርፌዋ ነው። ገና ሃምሳ ሳልሞላ «ማዳላ» አለችኝ፣ ሽማግሌው ማለቷ ነው፤ ስሜ ላምቤቦ መሆኑን የምታስታውሰው ሲከፋት ብቻ ነው።

የመጽሔቱን ታሪክ ያወቅሁት ከመደርደሪያ ነው። አንክል ከእያንዳንዱ እትም አንድ አንድ ቅጂ በተራ አቁመው ያስቀምጣሉ። እንግሊዝኛውን ማንበብ ባልችልም ውፍረቱን አያለሁ። የመጀመሪያዎቹ በታይፕ የተጻፉ ናቸው፤ ስድስት ወረቀት ታጥፎ በሽቦ የተያዘ። ከዚያ ትንሽ ይወፍራሉ። ከዚያ ደግሞ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ላይ እንደገና ይቀጥናሉ።

«እዚህ ጋ ምን ነክቷቸው ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እዚህ ጋ አገራችን ክፉ ስለነበረች የውጭ ምሁራን ጽሑፍ አንልክም ብለው ነው» አሉ። «ልክ ነበሩ። ዶክተር ሩት ግን እዚሁ ያለውን እየጻፉ አቆዩት።» ጣታቸውን ወደ ቀኝ አንሸራተቱ። «እዚህ ጋ ነጻ ወጣን፤ እየው ሲወፍር።»

ዶክተር ሩት የመጽሔቱ አዘጋጅ ናቸው። ነጭ ሴት፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሹራብ የሚለብሱ። ሃያ ዓመት ሙሉ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ሰሜን፣ ወደ ሊምፖፖ ወንዝ ግድም ወርደው መሬት ይቆፍራሉ። የሚፈልጉት ገል ነው። ከቻይና በጥንት ዘመን የመጣ ዕቃ ስባሪ፣ ከሕንድ የመጣ የብርጭቆ ዶቃ። የእስያ መጽሔት አፍሪካ ውስጥ ምን ይሠራል ላልኩት መልሱ ይኸው ነበር፤ ዕቃው ከእኛ ቀድሞ መጥቷል።

እንግዲህ ወደዚያ ሐምሌ ልመለስ።

የዚያ ጊዜው እትም የዶክተር ሩትን የሃያ ዓመት ሥራ የያዘ ነበር። ዩኒቨርሲቲው መጽሔቱን ይደግፍ ወይስ ይተው የሚል ኮሚቴ አቋቁሞ ነበርና፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይህ እትም ጠረጴዛቸው ላይ ሊቀርብ ነው። መጽሔቱ ከቀረ የእኛም ቤት ያው ነው፤ ግማሹ ሥራችን እሱ ነበር። በዚያው ሳምንት የአንክል የልጅ ልጅ ደርባን ላይ ታገባለች። ቁልፉን እጄ ላይ አኑረው «ቤቱ ያንተ ነው» ብለውኝ ሄዱ።

ጽሑፉ ታትሞ መጣ፣ አጠፍኩ፣ ሲስ ሰፋች። ፎቶዎቹ ለብቻ ናቸው፤ ዐሥራ ስድስት ገሎች፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ሦስት መቶ ሦስት መቶ ቅጂ። እነሱን በልክ ቆርጦ፣ በአንድ ጠርዝ የስንዴ ቅንጣት ወርድ ያህል ሙጫ ቀብቶ በየቦታቸው ማስገባት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ፎቶ የሚቆርጡት አንክል ነበሩ። አነሣሁና አየሁ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር፣ ነጩ ወረቀት ላይ፣ ጥቁርና ነጭ ሳጥን ሳጥን ያለው አጭር መስመር አለ። እጄ አወቀው። የመቁረጫውን ማቆሚያ ወደ ውስጥ ገፋሁ።

ሲስ ከመርፌዋ ቀና አለች። «ማዳላ፣ ያ ነገር የሚቆረጥ ነው?»

«የቀለም መስመር ነው።»

«አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው እኮ። የቀለም መስመር እኩል አይደለም?»

«አንቺ መርፌሽን ያዢ።»

ያዘች። ዐሥራ ስድስቱንም ቆረጥኩ። በሦስት ቀን ጠረዝን። አርባው ለውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ነበርና በዚያው ወደ ፖስታ ቤት ሄደ። አንድ ቅጂ ለዶክተር ሩት ላክን። በማግስቱ ጠዋት ሙጫውን ሞቅ ያለ ውሃ ላይ አስቀምጬ እስኪፈታ ስጠብቅ ስልኩ ጮኸ።

«ላምቤቦ፣» አሉኝ ዶክተር ሩት፤ ድምፃቸው ዝግ ብሏል። «መለኪያዎቹ የት ሄዱ?»

«የምን መለኪያ?»

«ከየፎቶው ሥር ያለው መስመር። ገሉ ምን ያህል እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ያለሱ የጥፍር ያህል ይሁን የትሪ ያህል ማንም አያውቅም። ማተሚያ ቤቱ ረስቶት ነው? ወረቀቱ ሲመጣላችሁ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም?»

መቁረጫው ከፊቴ ነበር።

«አላየሁም» አልኩ።

«እንግዲያው ማሽኑ ላይ የነበረው ሰው ይጠየቅበታል» አሉና ዘጉት።

ሲስ መርፌዋን መርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካች። «ላምቤቦ» አለችኝ፤ በስሜ። «በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቀለለህ። እስኪ በቋንቋህ ዋሽ፣ ልስማህ።»

ቁራጩን ብፈልግ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ቁራጩ ያለበትን ከረጢት ወረቀት ሰብሳቢዎቹ ማለዳ በጋሪያቸው ጭነውት ሄደዋል። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ከተናገርኩ መጽሔቱ ይወሰድብናል» አልኳት። «አንክል ከሠርግ ሲመለሱ ባዶ ቤት ነው የሚጠብቃቸው።»

«ካልተናገርክስ? ያ ማሽን ላይ ያለው ሰውዬ ድንጋይ ነው የሚበላው?»

ሽርጧን ፈታች። እኔን አስወጥታ በሩን ዘጋች። ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን። ዩኒቨርሲቲው ደረስን፤ የዶክተር ሩት ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሦስት ደረጃ ወጣሁና ተመለስኩ።

«ጉልበቴን» አልኳት።

«ጉልበትህን አውቀዋለሁ። ትናንት ጣራ ላይ ቆርቆሮ ሲመታ ነበር። ቀጥል።»

እጅጌዬን ይዛ ወጣን። ገባሁና ሳልቀመጥ ተናገርኩ። «ዶክተር፣ መስመሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የቀለም መስመር መስሎኝ ነው። ስልክ ላይም ዋሽቼዎታለሁ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ «ሁሉንም?» አሉ።

«ሁሉንም።»

ሲስ ከበሩ ሆና «ዶክተር፣ መቁረጡን እርስዎ ይጠይቁት» አለች። «ስለ ውሸቱ እኔ እየቀጣሁት ነው የመጣሁት።»

ዶክተር ሩት አልሳቁም። ግን ስልኩን አንስተው ማተሚያ ቤቱ ደወሉና ለእኔ ሰጡኝ። በማሽኑ ላይ ለነበረው ሰው ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኩት። ሰውዬው «እሺ» ብሎ ዘጋ። ከዚህ የከበደ «እሺ» ሰምቼ አላውቅም።

ፎቶዎቹን እንደገና ማተም ወር ይፈጃል፤ ያለን ሁለት ሳምንት ነው። ዶክተር ሩት የመስመሮቹን ርዝመት ከማተሚያ ቤቱ መለመን ይችሉ ነበር። አልፈለጉም። «አንድ ጊዜ የተሳሳተ ነገር በእምነት አይታረምም። ከገሎቹ ራሳቸው እንነሣ» አሉና ወደ ምድር ቤት ወሰዱን። በጥጥ የተጠቀለሉ ገሎች በመሳቢያ ተደርድረዋል። የብረት ማስመሪያዬ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ጠራዥ ያለሱ አይሄድም። እኔ ለካሁ፣ እሳቸው ጻፉ። ከዚያ እሳቸው ለኩ፣ እኔ ጻፍኩ፤ ቁጥር ላይ ማንም አያሸንፈኝም። ሁለቱ ካልገጠመ እንደገና። ሲስ እየጠቀለለች ትመልሳለች።

ሰባተኛው ፎቶ ላይ ያለውን ገል የትልቅ እንስራ አንገት አድርጌ ነበር የማስበው። ጥጡን ስፈታ አውራ ጣቴ ላይ የምትቀመጥ ነገር ሆነች። የባሕር ዓይነት አረንጓዴ፣ ጥፍር በሚያህል ቦታ ላይ አበባ ተቀርጾባታል።

«ይቺ ከቻይና እዚህ እንዴት ደረሰች?»

«እስከ ባሕሩ ዳር በመርከብ» አሉ ዶክተር ሩት። «ከዚያ ወዲህ ሰው ተሸክሟት ነው።»

«በእግሩ?»

«በእግሩ። ሊሸጣት።»

ማስመሪያዬን አስጠግቼ ለካኋት። አሥራ አንድ ሚሊሜትር።

አንክል ከደርባን ሲመለሱ የሠርግ ጣፋጭ በዕቃ ይዘው ነበር። ነገርናቸው። ጣፋጩን አስቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ በጋዜጣ አደረቁ፣ አንዱን ቅጂ አንስተው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ገለጡ። ያኔ እንኳ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እንደገና እንየው» አሉ። ተቀምጠው አሰቡ። ከዚያ የሚሠራውን ነገሩን፤ በለካነው ልክ መስመሮቹ በስስ ወረቀት ይታተማሉ፣ እኛ በየፎቶው ሥር በእጅ እንለጥፋለን።

ዐሥራ ስድስት ጊዜ ሁለት መቶ ስልሳ። ማባዛቱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ የክብሪት እንጨት ወርድ ነው። በጭረቱ ካልተቆረጠ ሙጫ ሲነካው እንደ ትል ይጠቀለላል፤ የመጀመሪያውን ሉክ እንዲሁ አበላሸሁት። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ የኛ ሙጫ ያሸበሽባል፤ ስለዚህ ሲስ በዱቄት ሊጥ አቀጠነች፣ በሻሽ አጠለለች። በወረንጦ አንስቶ፣ ጫፉን አስነክቶ፣ ትንፋሽ ይዞ ማስቀመጥ፣ ከዚያ በአጥንቱ አንድ ጊዜ ብቻ መጥረግ። ሁለተኛ ከጠረጉት ይሸሻል። ዘጠኝ ቀን ሠራን። አንክል በሰባተኛው ቀን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ምንም ሳይናገሩ ወረንጦውን ትተው መቁረጡን ያዙ፤ ሊጡንና መለጠፉን ለእኛ ተዉልን። ሲስ ግን አየቻቸው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሻይ ስታመጣ የሳቸውን ግማሽ ብቻ ትሞላለች፣ እንዳይደፋባቸው።

ኮሚቴው አየው። ዶክተር ሩት እንደነገሩን አንዱ ሽማግሌ ምሁር ቁራጯን በጥፍሩ ነካ አድርጎ «ይሄ ምንድነው?» ብሏል። «ስህተት ነበር፤ በእጅ ታረመ» ብለው መለሱለት። መጽሔቱ እንዲቀጥል ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ።

አርባዎቹ ግን ሄደዋል። ዶክተር ሩት ቁራጮቹን በፖስታ ከደብዳቤ ጋር ላኩላቸው። የለጠፈ ለጠፈ፣ ያልለጠፈ አልለጠፈም። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ የውጭ አገር ምሁር ያቺን አረንጓዴ ገል በመጽሐፉ «የትልቅ ማሰሮ አንገት» ብሎ እንደጠቀሳት፣ ሌላውም ከሱ እንደቀዳ ዶክተር ሩት ነገሩኝ። ሊወቅሱኝ አልነበረም፤ እንደ ዝናብ ወሬ ነው የነገሩኝ። ውሸቴ የኖረው አንድ ጠዋት ነው። የቆረጥኩት መስመር ግን እስካሁን በየመጽሐፉ እየዞረ ይሆናል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ፈጣን ነው። ዶክተር ሩት ጡረታ ወጡ። አንክል ሲቫ አረፉ፣ ቤቱን ልጃቸው ያዘው። መርፌው ቀረ፣ ማሽን ጀርባውን በሙጫ መያዝ ጀመረ። ባለፈው ዓመት ደግሞ መጽሔቱ በኢንተርኔት ብቻ እንዲወጣ ተወሰነ፤ ቤታችንም ተዘጋ። የወንድሜ ልጅ በስልኩ አሳየኝ። መጥፎ አይደለም። ፎቶውን በሁለት ጣት ሲያሰፉት መለኪያውም አብሮ ይሰፋል፤ የሚቆርጠው ሰው የለም።

ሲስ ሥራ ያቆመችው ከእኔ በፊት ነው፤ ዓይኗ ክሩን አልለይ ብሏት። በመጨረሻው ቀን ታክሲ እስክታገኝ ድረስ ሸኘኋት። ሲያሳስበኝ የቆየ ነገር ነበርና ጠየቅኋት። «ያን ቀን ለምን አብረሽኝ ወጣሽ? ልትልኪኝ ትችዪ ነበር እኮ።»

«ብቻህን ብትወጣ ስለ ሥራው ልትለምን ነበር» አለችኝ። «ሰው አጠገቡ ምስክር ሲኖር ነው እውነት የሚቀለው። በል ብርድ ነው፣ ግባ፣ ማዳላ።»

ታክሲው መጣና ሄደች። እኛ ሲስ እያልን ሃያ ዓመት ኖርን፤ በመጽሔቱ በየትኛውም ገጽ ላይ ስሟ የለም። እንግዲህ በዚህ ደብተር ላይ ይኑር። ኖምታንዳዞ ማሴኮ ትባላለች።